ውሉ በጓዳ፣ ድምፁ በአዳራሽ

በ1995 አዶልፎ ሱዋሬዝ ለቴሌቪዥን ቃለ መጠይቅ ተቀምጧል። ስፔንን ከፍራንኮ አገዛዝ አውጥቶ ወደ ምርጫ ያሻገረው ጠቅላይ ሚኒስትር እሱ ነው። ጋዜጠኛዋ ቪክቶሪያ ፕሬጎ ወደ 1976 ስትመልሰው ኮቱ ላይ የተሰካችውን ማይክሮፎን በእጁ ሸፈነና ድምፁን ዝቅ አድርጎ አወጋት። በዚያን ጊዜ የውጭ መሪዎች ዘውድ ይቀጥል ወይስ ሪፐብሊክ ይሁን ብሎ ሕዝቡን እንዲጠይቅ ይወተውቱት ነበር። እሱ ግን የሕዝቡን ስሜት አስጠንቶ እንደሚሸነፍ አውቋል። ስለዚህ ንጉሥ የሚለውን ቃል በፖለቲካ ማሻሻያው ሕግ ውስጥ ሰካው። ሕዝቡ ለማሻሻያው «አዎ» ሲል ለዘውዱም አብሮ «አዎ» እንዳለ ተቆጠረ።

ማይክሮፎኗ ተሸፍናም ትቀዳ ኖሯል። ቅጂው 21 ዓመት ተቀምጦ በ2016 ላ ሴክስታ በተባለው ጣቢያ ሲተላለፍ፣ ሱዋሬዝ ከሞተ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። ከሩቅ የሰማ ሰው «ጉድ!» አለ። የማድሪድን ፓርላማ ኮሪደር የሚያውቁት ግን ብዙም አልደነቃቸውም፤ የአገሪቱ ዴሞክራሲ ሲወለድ ጀምሮ አሠራሩ ይኸው ነውና። ውሉ በጓዳ ይቋጠራል፤ ድምፁ በአዳራሽ ይሰጣል።

አንድ ነገር ደግሞ ሹክ ልበላችሁ። ጓዳ የሚገቡት ፎቶግራፋቸው ጎዳና ላይ የሚሰቀለው ሰዎች አይደሉም። መሪው ሊውጠው የማይችለውን ስድብ የሚውጥ፣ መሪው ሊለው የማይችለውን «እሺ» የሚል ሁለተኛ ሰው አለ። የስፔንን ፖለቲካ ማንበብ የሚፈልግ ዓይኑን እሱ ላይ ይጣል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከመጀመሪያው እንነሳ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማሟያው ስም

ፍራንኮ ኅዳር 20 ቀን 1975 ሞተ። ከሁለት ቀን በኋላ ሁዋን ካርሎስ ነገሠ። ወጣቱ ንጉሥ ዙፋን ነበረው እንጂ የራሱ ሰው አልነበረውም፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ አሪያስ ናቫሮ ከአሮጌው ዘመን የተወረሰ ነው። በጊዜው ሕግ ደግሞ ንጉሡ የፈለገውን አይሾምም፤ የመንግሥቱ ምክር ቤት የተባለ የ17 ሰዎች ጉባኤ ከሚያቀርብለት ሦስት ስሞች አንዱን ይመርጣል። ጉባኤተኞቹም የፍራንኮ ታማኞች ናቸው።

የጉባኤው ሰብሳቢ ቶርኳቶ ፈርናንዴዝ ሚራንዳ የንጉሡ የቀድሞ መምህር ነበር። በሐምሌ 1976 መጀመሪያ ስብሰባውን ሲመራ ሱዋሬዝን ምረጡልኝ አላለም። የእጩዎቹን ስም በየወገናቸው አስደርድሮ አንድ በአንድ እንዲያጣሩ አደረጋቸው። ትልልቆቹ እርስ በርሳቸው ሲጣጣሉ፣ ማንም ያልፈራው የ43 ዓመቱ ሱዋሬዝ እንደ ማሟያ ሆኖ ከሦስቱ አንዱ ሆነ። ሰብሳቢው ሲወጣ በር ላይ ለጠበቁት ጋዜጠኞች፣ ንጉሡ የጠየቀውን ሊያቀርብለት እንደሚችል ተናገረ። ሁሉም ሰማው፤ የገባው ግን ሹመቱ ሲነገር ነው።

በዚያው ዓመት ኅዳር 18 ቀን የፍራንኮ ፓርላማ የራሱን መጨረሻ በ425 ድምፅ አጸደቀ። የተቃወሙት 59፣ ድምፀ ተዓቅቦ ያደረጉት 13 ናቸው። በቴሌቪዥን ሲታይ የታሪክ ተአምር ይመስላል። ከድምፁ በፊት ግን ወግ አጥባቂዎቹ የምርጫውን ቀመር ተደራድረዋል። በየአውራጃው እንዲመረጥ፣ ሰው የጎደለባቸው የገጠር አውራጃዎችም ከተወሰነ ቁጥር የማያንስ ወንበር እንዲኖራቸው ዋስትና ወስደዋል። ዛሬ ሶሪያ የምትባለው ጭር ያለች አውራጃ ሁለት ተመራጮች ወደ ማድሪድ የምትልከው ከዚያ ውል በወረደ ቀመር ነው። ያን ጓዳ የሚያስታውስ ብዙ ሰው የለም፤ በየምርጫው ሌሊት ወንበር የሚቆጠረው ግን በእሱ ነው።

ሁለት አጫሾች

ሱዋሬዝን እንቅልፍ የነሳው የኮሚኒስት ፓርቲው ጉዳይ ነበር። ጄኔራሎቹ ይህን ፓርቲ ሕጋዊ ማድረግን እንደ ክህደት ያዩታል። ያለ እሱ የሚደረግ ምርጫ ደግሞ በአውሮፓ ፊት ምርጫ አይባልም። የፓርቲው መሪ ሳንቲያጎ ካሪዮ ዊግ አጥልቆ በድብቅ ማድሪድ ገብቶ በታኅሣሥ 1976 ተያዘ፤ ጥቂት ቀናት ታስሮም ተለቀቀ። በወሩ፣ ጥር 24 ቀን 1977፣ ቀኝ አክራሪዎች በአቶቻ ጎዳና የሠራተኛ ጠበቆች ቢሮ ገብተው አምስት ሰው ገደሉ። በቀብሩ ላይ ኮሚኒስቶቹ በብዙ ሺህ ወጥተው አንድ ድንጋይ አልወረወሩም። ያ ዝምታ ከመቶ ንግግር በላይ አሳመነ።

በሁለቱ መካከል ወሬ ሲያመላልስ የከረመው ሆሴ ማሪዮ አርሜሮ የተባለ ጠበቃ ነው። የካቲት 27 ቀን ሱዋሬዝና ካሪዮ በማድሪድ ዳርቻ ባለው የአርሜሮ ቤት በድብቅ ተገናኙ። ሁለቱም ሲጋራ ከአፋቸው የማይለዩ ነበሩና ለሰዓታት እያጨሱ ተደራደሩ። ፓርቲው ዘውዱንና የንጉሡን ባንዲራ ይቀበላል፤ መንግሥት ፓርቲውን ይመዘግባል። ለሪፐብሊኩ ባንዲራ የሞቱ ጓዶች ያሉት ሰው ይህን ሲቀበል ምን እንደተሰማው ገምቱ።

ማስታወቂያው የወጣበትን ቀን ልብ በሉ፦ ሚያዝያ 9 ቀን 1977፣ ቅዳሜ ስዑር። ሚኒስትሩም ጄኔራሉም ለበዓል ከከተማ ወጥቷል። የባሕር ኃይል ሚኒስትሩ አድሚራል ሥልጣኑን ጥሎ ወጣ፤ ታንክ ግን አልተንቀሳቀሰም። ማድሪድ ውስጥ ከባድ ዜና በበዓልና በነሐሴ ሙቀት እንደሚለቀቅ የኮሪደር ሰዎች የተማሩት ያኔ ነው። በ2011 ዕዳ መክፈልን ከሁሉም ወጪ የሚያስቀድመው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በነሐሴ መጨረሻ ይፋ ሆኖ በቀናት ውስጥ በሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች ድምፅ ሲያልፍ፣ አዋቂዎቹ የቀን መቁጠሪያውን አይተው ፈገግ አሉ።

ሕገ መንግሥት ከእራት በኋላ

ሕገ መንግሥቱን ያረቀቁት ሰባት ሰዎች ናቸው ተብሎ በየትምህርት ቤቱ ይነገራል። እውነት ነው፤ ግን ግማሹ። በ1978 ጸደይ ሥራው ተቋጥሮ ቀረ። የሶሻሊስቱ አርቃቂ ግሪጎሪዮ ፔሴስ ባርባ ኮሚቴውን ጥሎ ወጥቶ ነበር። ወግ አጥባቂዎቹና የሱዋሬዝ ማዕከላውያን ተባብረው ድምፅ እየሰጡ ሶሻሊስቶቹን ያሸንፏቸዋል። በዚህ ከቀጠለ የግማሽ አገር ሕገ መንግሥት ሊወጣ ነው።

ግንቦት 22 ቀን ማታ ሆሴ ሉዊስ በተባለው የማድሪድ ምግብ ቤት ጥቂት ሰዎች ለእራት ተቀመጡ። ሱዋሬዝም የሶሻሊስቶቹ መሪ ፌሊፔ ጎንዛሌዝም የሉበትም። በአንድ በኩል የሱዋሬዝ ምክትል ፈርናንዶ አብሪል ማርቶሬል፣ በሌላው የጎንዛሌዝ ቀኝ እጅ አልፎንሶ ጌራ አለ። አንዱ የእርሻ ኢንጂነር፣ ሌላው የቴአትር ፍቅር ያለበት የሴቪያ ሰው። ሌሊቱ ሲገፋ ወደ 25 የሚጠጉ አንቀጾች ተስማሙ። በማግስቱ በኮሚቴው ውስጥ ለሳምንታት ያጨቃጨቁት ነጥቦች በተርታ ማለፍ ጀመሩ። የወግ አጥባቂዎቹ መሪ ማኑኤል ፍራጋና ወገኖቹ ፓርላማው ወደ ምግብ ቤት ተዛወረ ወይ ብለው ጮኹ። አልተሳሳቱም፤ ጩኸታቸው ግን ምንም አልለወጠም።

ከጓዳው ጀርባ ሌላ ጓዳም ነበር። የኮሚኒስቶቹ አርቃቂ ጆርዲ ሶሌ ቱራ በኋላ እንደጻፈው፣ ስለ ብሔረሰቦች የሚናገረውን ሁለተኛውን አንቀጽ ሲሠሩ ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ከሞንክሎዋ ቤተ መንግሥት በእጅ የተጻፈ ወረቀት መጣ፤ አንቀጹ በዚህ ቃል ይሁን የሚል። የጄኔራሎቹ ፈቃድ እንደተጠየቀበት በክፍሉ የነበሩት ሁሉ ገብቷቸዋል። ዛሬ ያ አንቀጽ ስለማይበጠስ የስፔን አንድነት ተናግሮ ሳይጨርስ፣ በዚያው ትንፋሽ የብሔረሰቦችን ራስን የማስተዳደር መብት ያውጃል። የካታሎንያ ጠበቆችና የማድሪድ ዳኞች እስከ ዛሬ ከአንድ አንቀጽ ተቃራኒ ነገር የሚያነቡት፣ ሲጀመር ሁለት ጓዳ ስለጻፈው ነው።

ያ ማዕድ ያልጠራው እንግዳ ደግሞ ነበር። የባስክ ብሔርተኛ ፓርቲ ከሰባቱ አርቃቂዎች መካከል የራሱ ሰው አልነበረውም። በታኅሣሥ 6ቱ ሕዝበ ውሳኔ አገሪቱ ወደ 88 በመቶ በሚጠጋ ድምፅ «አዎ» ስትል፣ በባስክ ምድር ከመራጩ ከግማሽ በላይ የሆነው ከቤቱ አልወጣም። ኤታ የተባለው የታጣቂዎች ድርጅት ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት እጅግ ብዙ ደም አፈሰሰ። የእራቱ ሰዎች ለዚህ ደም ተጠያቂ አይደሉም፤ ያልጠሩት ወገን ቅሬታ ግን ለገዳዮቹ መሸሸጊያ ሆነ።

ማዕድ ሁሉ አይባረክም

አሁን በስፔን ሶሻሊስቶች ቤት ጮክ ብሎ የማይነሳ ወሬ። በጥቅምት 1980 በዬይዳ ከተማ ከንቲባ ቤት አንድ ምሳ ተበላ። ከእንግዶቹ አንዱ የከተማዋ ወታደራዊ ገዥ ጄኔራል አልፎንሶ አርማዳ፣ የንጉሡ ቤት የቀድሞ ጸሐፊ ነው። ሌላው ኤንሪኬ ሙሂካ፣ በሆሴ ሉዊሱ እራት ከጌራ ጋር ከተቀመጡት አንዱ። ወሬው ስለ አገር ችግር፣ ስለ ሱዋሬዝ መዳከም ነበር። ሙሂካ ያወራውን ለፓርቲው ሪፖርት አደረገ። ጄኔራሉ ከምሳው ምን ተረድቶ እንደሄደ ግን የታሪክ ሰዎችን እስከ ዛሬ ያከራክራል።

በአራተኛው ወር፣ የካቲት 23 ቀን 1981 ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ላይ፣ ሌተና ኮሎኔል አንቶኒዮ ቴሄሮ ሽጉጡን ይዞ ፓርላማ ገባ። ተኩስ ሲከፈት ወንበራቸው ሥር ያልተደበቁት ሱዋሬዝ፣ ምክትሉ ጄኔራል ጉቲየሬዝ ሜያዶና ካሪዮ ናቸው። ምስሉን ዓለም ሁሉ ያውቀዋል። ጨዋታውን የለወጠው ግን በስልክ የተባለ አንድ መልስ ነው። የብሩኔቴ ታንከኛ ክፍለ ጦር አዛዥ ወደ ቤተ መንግሥቱ ደውሎ አርማዳ እዚያ እንዳለ ጠየቀ። የንጉሡ ቤት ዋና ጸሐፊ ሳቢኖ ፈርናንዴዝ ካምፖ አለመኖሩንም አለመጠበቁንም ነገረው። አዛዡ ንጉሡ የነገሩ ተካፋይ ነው የተባለው ውሸት መሆኑ ገባው፤ ታንኮቹ ማድሪድን ሳይዙ ቀሩ።

እኩለ ሌሊት ሲያልፍ አርማዳ ራሱ ፓርላማው ዘንድ መጣ። በሰፊው እንደተተረከው፣ እሱ የሚመራውና ሶሻሊስትም ኮሚኒስትም ያሉበት የአንድነት መንግሥት ሐሳብ ይዞ ነበር፤ አርማዳ ግን የተወራበትን ሁሉ እስከ ሞቱ ሲያስተባብል ኖሯል። ቴሄሮ ሰምቶ አበደ፤ ፓርላማ የገባው ኮሚኒስትን ሚኒስትር ለማድረግ አልነበረም! በሩንም ዘጋበት። አሳ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል። በዚያ ሌሊት አዳራሹን የያዘው ሰው የጓዳውን ውል ስላልተቀበለ፣ ዴሞክራሲው በከፊል በጠላቱ ግትርነት ተረፈ።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል

መጋቢት 3 ቀን 1996 ማታ የሕዝባዊ ፓርቲው መሪ የሆሴ ማሪያ አዝናር ደጋፊዎች በፓርቲያቸው ቢሮ በር ላይ በካታሎንያው መሪ በጆርዲ ፑጆል ላይ የስድብ መፈክር ያሰሙ ነበር። ቆጠራው ሲያበቃ አዝናር 156 ወንበር አለው፤ የሚያስፈልገው 176። ከጎደለው አብዛኛው ያለው በፑጆል ኪስ ነው። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል!

የአዝናሩ ሮድሪጎ ራቶና የፑጆሉ ጆአኪም ሞሊንስ ለሳምንታት ተመላለሱ። በሚያዝያ መጨረሻ በባርሴሎናው ማጄስቲክ ሆቴል የእርቁ እራት ተበላ። ማዕከላዊው መንግሥት ከገቢ ግብር 30 በመቶውን ለክልሎች ለቀቀ። በየአውራጃው የሚሾሙት የማድሪድ እንደራሴዎች ቀሩ። የግዴታ ውትድርናም እንዲያበቃ ተወሰነ፤ የመጨረሻዎቹ ግዳጅ ወታደሮች በ2001 መጨረሻ ወደየቤታቸው ተመለሱ። አዝናር ደግሞ በቅርብ ሰዎቹ መካከል ካታላን እንደሚናገር በቴሌቪዥን ተናገረና እስከ ዛሬ ይሳቅበታል። ስለ ዋጋው ግን ሳቅ የለም። ፑጆልን እንቅልፍ ይነሳ የነበረው የካታሎንያው ሕዝባዊ ፓርቲ መሪ ቪዳል ኳድራስ በዚያው ዓመት ከቦታው ተነሳ። እያንዳንዱ የስፔን ወጣት ወንድ የወራት ዕድሜውን ያተረፈው በዚያ ድርድር ነው፤ ለፑጆል ምስጋና የሚልክ ግን አልሰማሁም።

ከሁሉም ማዕድ ትልቁን ሥራ የሠራው ግን እጅግ ድሃው ነው። በባስክ ምድር በኤልጎይባር ቺያሬ የሚባል የገበሬ ቤት አለ። ከአዲሱ ምዕተ ዓመት መባቻ ጀምሮ የባስክ ሶሻሊስቱ ሄሱስ ኤጊጉሬን እና የኤታ የፖለቲካ ክንፍ መሪ የሆነው አርናልዶ ኦቴጊ በዚያ ቤት በድብቅ ይገናኙ ነበር። በዚያው ሰሞን ሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች በማድሪድ የፀረ ሽብር ስምምነት ፈርመዋል። የኤጊጉሬን ጓዶች ደግሞ በጥይት ይወድቁ ነበር። ንግግሩ ብዙ ጊዜ ተሰበረ። በታኅሣሥ 2006 የማድሪድ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ቦምብ ፈንድቶ ሁለት ኢኳዶራውያን ሲሞቱ ሁሉም አለቀ ተባለ። የፖሊሱ ክትትል ባይበረታ፣ የሕዝቡም ትዕግሥት ባያልቅ ንግግር ብቻውን የትም አይደርስም ነበር። ሆኖም ከ850 ሰው በላይ የገደለው ድርጅት ጥቅምት 20 ቀን 2011 መሣሪያ ማንሳት በቃኝ ሲል፣ መውጫ በሩ ቀድሞ የተበጀው በዚያ ማዕድ ቤት ነው።

ወንበር ላይ የተቀመጠ ቦርሳ

ጓዳው ለጌታውም አይመለስም። በግንቦት 2018 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ማሪያኖ ራኾይ በጀቱን በባስክ ብሔርተኞች አምስት ድምፅ ድጋፍ አሳለፈ። በማግስቱ ፓርቲውን የነካው የጉርቴል ሙስና ፍርድ ወጣ። የሶሻሊስቶቹ መሪ ፔድሮ ሳንቼዝም የአለመተማመን ድምፅ ይሰጥ ብሎ ጠየቀ። በስፔን ሕግ መንግሥት መጣል ብቻ አይፈቀድም፤ ጣዩ ተተኪውን አብሮ ማቅረብ አለበት። ስለዚህ ያን ያህል ዓመት አንድም ሙከራ ተሳክቶ አያውቅም፤ ራኾይም የተማመነው በዚህ ነበር።

ግንቦት 31 ቀን ባስኮቹ አምስቱን ድምፅ ለሳንቼዝ እንደሚሰጡ ታወቀ። ያገኙት በጀት እንዳይነካባቸው ቀድመው ማረጋገጫ ወስደዋል። ራኾይ ለምሳ ወደ አራዪ ምግብ ቤት እንደሄደ ወደ ፓርላማው አልተመለሰም፤ ስምንት ሰዓት ያህል እዚያው ቆየ። በአዳራሹ ክርክሩ ሲቀጥል የጠቅላይ ሚኒስትሩ ወንበር ላይ የተቀመጠው የምክትሉ የሶራያ ሳኤንዝ ዴ ሳንታማሪያ የእጅ ቦርሳ ነበር። በማግስቱ ራኾይ በ180 ድምፅ ወረደ።

የጓዳ ውል የሚፈርስበትም ጊዜ አለ። የካቲት 3 ቀን 2022 መንግሥት የሠራተኛ ሕጉን ለማሳለፍ ከአንድ የናቫራ ፓርቲ መሪ ጋር ተስማምቶ ሁለት ድምፅ በኪሱ ይዟል። ሁለቱ ተመራጮች ግን ለመሪያቸውም ሳይነግሩ «አይ» አሉ። መንግሥት ተሸነፈ ሲባል፣ ከሕዝባዊ ፓርቲ ወገን አልቤርቶ ካሴሮ ከቤቱ ሆኖ በኮምፒውተር ሲመርጥ ተሳስቶ «አዎ» ላይ ተጫነ። አፈ ጉባኤዋ መጀመሪያ ሕጉ ወደቀ ብላ አስታወቀች፤ ወዲያው አረመች፤ 175 ለ174 አለፈ። የሚሊዮኖች የሥራ ውል የተወሰነው በአንድ ሰው የጣት ስህተት ነው።

ሆድ ይፍጀው

ይህ ሁሉ ዋጋ አለው። በጥቅምት 1977 የወጣው የምሕረት ሕግ የፍራንኮን ተቃዋሚዎች ከእስር አስፈታ፤ የፍራንኮን ገራፊዎችም ከክስ ነጻ አወጣ። በጊዜው ግራው ራሱ የታገለለት ሕግ ነው። ስምምነቱ «ሆድ ይፍጀው» ነበር፤ ጄኔራሎቹ እንዳይቆጡ ማንም መቃብር አይቆፍር። የእርስ በርስ ጦርነቱን ሙታን አጥንት ከየመንገዱ ዳር የሚፈልጉ ቤተሰቦች ለዓመታት በራሳቸው ኪስ ቆፈሩ። ፍራንኮ ራሱ ከታላቁ መካነ መቃብር የወጣው በጥቅምት 2019 ነው። በ1968 ፍራንኮ ያወጣው የመንግሥት ምስጢር ሕግም ከዴሞክራሲው ጋር አብሮ ለአሥርት ዓመታት ዘለቀ። የግራም የቀኝም መንግሥት ወንበሩ ላይ ሲወጣ ሕጉ ይጥመው ጀመር።

ዝምታው ዘውዱንም ሸፈነ። ስለ ሁዋን ካርሎስ ገንዘብና ግል ሕይወት የማድሪድ ጋዜጠኞች የሚያውቁትን አይጽፉም ነበር፤ የተጻፈ ሕግ ሳይኖር። በሚያዝያ 2012 አገሩ በሥራ አጥነት ስትናጥ ንጉሡ ቦትስዋና ዝሆን ሊያድን ሄዶ ዳሌው ተሰበረ፤ ያን ጊዜ ሽፋኑ ተቀደደ። በ2014 ዙፋኑን ለልጁ ለቀቀ፤ በነሐሴ 2020 ወደ አቡ ዳቢ ሄደ። ጋዜጦቹ ቀድመው በመጠኑ ቢተቹት ኖሮ ውድቀቱ ይህን ያህል ባልከፋ። በ2011 ግንቦት ፑዌርታ ዴል ሶል አደባባይ ላይ ያደሩት ወጣቶች የጮኹትም በዚህ ነው፤ አገሪቱን የሚያስተዳድረው ማዕድ እነሱን ጠርቶ አያውቅም።

ሁለተኛ ሰው የሚጠፋበት ዘመን

አሁን ወደ ወቅታዊው ልግባ። የዳኞችን ሹመት የሚመራው የፍትሕ ምክር ቤት ዘመኑ ካለቀ በኋላ ከታኅሣሥ 2018 እስከ ሰኔ 2024 ሳይታደስ ቆየ። በ2018 ስምምነቱ አልቆ ነበር። አንድ የሕዝባዊ ፓርቲ ሴናተር ፍርድ ቤቱን ከጀርባ እንቆጣጠራለን የሚል መልእክት በዋትስአፕ ለጓዶቹ ላከና ወጣበት፤ ለሊቀመንበርነት የታሰበው ዳኛ ማርቼና ራሱን አገለለ። በመጨረሻ የመንግሥቱ ፌሊክስ ቦላንዮስና የሕዝባዊ ፓርቲው ኤስቴባን ጎንዛሌዝ ፖንስ አሥር ለአሥር ተካፍለው የፈረሙት ብራስልስ ላይ፣ የአውሮፓ ኮሚሽን ምክትል ፕሬዚዳንት ፊት ነው።

በ2023ም እንዲሁ ነበር። ሳንቼዝ ከምርጫው በፊት ለካታሎንያ ተገንጣዮች ምሕረት የማይታሰብ ነው ይል ነበር። ከምርጫው በኋላ የተገንጣዩ መሪ የካርሌስ ፑጅዴሞን ሰባት ወንበር ካልተጨመረ መንግሥት የለም። የሳንቼዝ ፓርቲ ሰው ሳንቶስ ሰርዳን ብራስልስ ተመላልሶ ውሉን ቋጠረ፤ ኅዳር 16 ቀን ሳንቼዝ በ179 ድምፅ ተመረጠ። ቀጣዮቹ ንግግሮች ከስፔን ውጭ፣ የኤል ሳልቫዶር ዲፕሎማት እማኝ ሆኖ ተቀምጦባቸው ተካሄዱ።

ለውጡ እዚህ ላይ ነው። የ1978ቱ ተደራዳሪዎች እርስ በርስ ይተማመኑ ነበር፤ የሚደበቁት ከጄኔራሎቹ ነበር። የዛሬዎቹ አይተማመኑም፤ ስለዚህ የውጭ ምስክር ይፈልጋሉ። የሚደበቁትም ከገዛ መራጫቸው ነው። የመጀመሪያው ዓይነት ድብቅነት የተወለደው ከፍርሃት ነበርና ፍርሃቱ ሲያልፍ ይቅር ተባለ። ሁለተኛውን ይቅር የሚልበት ምክንያት ለመራጩ አልቀረበለትም፤ ቀኝ አክራሪው ቮክስም የሚያርሰው ይህን መሬት ነው።

ሌላም ችግር አለ። የሁለተኛ ሰዎቹን መጨረሻ ቁጠሩ። ፈርናንዴዝ ሚራንዳ ገና የመጀመሪያው ምርጫ ሳይደረግ ሥልጣኑን ለቀቀ፤ በ1980 ሲሞት ደጋፊው ጥቂት ነበር። አብሪል ማርቶሬል በዚያው ዓመት ከመንግሥት ወጣ። ጌራ በ1991 በወንድሙ ቅሌት ሳቢያ ከምክትልነት ወረደ። ሳቢኖን በ1993 ንጉሡ ራሱ አሰናበተው። ራቶ በ2018 በባንክ ካርድ ምዝበራ ተፈርዶበት እስር ቤት ገባ። ሰርዳን በሰኔ 2025 በሙስና ምርመራ ምክንያት ሥልጣኑን ለቆ ለወራት በማረፊያ ቤት ቆየ፤ ጥፋተኛ አይደለሁም ይላል፤ ጉዳዩ የፍርድ ቤት ነው። ምክንያታቸው የተለያየ ነው፤ ከፊሉ የራሱን እጅ ሥራ ነው ያገኘው። ከሥር የሚያዩት ወጣት ፖለቲከኞች ግን ምክንያቱን አይለዩም፤ የሚያዩት መጨረሻውን ነው።

ስለዚህ በኮሪደሩ የሚወራው ስጋት ስለ ቀጣዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ማንነት አይደለም። ያን ወንበር የሚፈልግ ሞልቷል። ከ350 ወንበር ማንም ብቻውን 176 በማይሞላበት ፓርላማ፣ ከተቃዋሚው ጋር እራት ተቀምጦ፣ የተስማማውን ለራሱ ወገን አስረድቶ፣ ስድቡንም ተሸክሞ የሚሄድ ሰው ያስፈልጋል። የዛሬው ፖለቲከኛ በየማለዳው የሚለካው በስልክ ላይ በሚሰበስበው ጭብጨባ ነው፤ ከጠላት ጋር ሲበላ የተነሳ አንድ ፎቶግራፍ ደግሞ ሥራውን ያሳጣዋል። ቀጣዩ በጀት ወይም ቀጣዩ የዳኞች ሹመት ሲታነቅ የመሪዎቹን ንግግር ትታችሁ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ ከሁለቱ ወገን እርስ በርስ ስልክ የሚያነሱ ሁለት ሰዎች አሉ? ካሉ ቅዳሜ ስዑርን ወይም ነሐሴን ጠብቁ። ከሌሉ ምርጫ ይጠራል፤ ምርጫውም ያንኑ ቁጥር ይዞ ይመለሳል።